የክርንን አሠራር በገዛ ጣት ዳስሶ ማወቅና ለዕለት ሥራ ማዋል

ሃያ ሊትር ጀሪካን አንጠልጥሎ የደሴን አቀበት የሚወጣ ሰው፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ፊት የምትውል ሠራተኛ፣ ሙቀጫ ላይ ቡና የምትወቅጥ እናትና የባጃጅ መሪ ጨብጦ የሚውል ወጣት ክርናቸውን ያለ ዕረፍት ያሠሩታል። ሆኖም አብዛኞቻችን ስለ ክርን የምናውቀው መታጠፉንና መዘርጋቱን ብቻ ስለሆነ፣ ሲታመም የትኛው ክፍል እንደታመመ ለሐኪም መግለጽም ሆነ ሕመሙን የሚያባብሰውን አያያዝ ለይቶ መተው ያስቸግረናል። ይህ መመሪያ ክርን ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን በአንድ ቦታ የሚያስተናግድ መገጣጠሚያ መሆኑን አንባቢው በራሱ ጣት እንዲያረጋግጥ፣ ከዚያም ያወቀውን ዕቃ ሲያነሳ፣ ብሎን ሲያጠብቅ፣ ልጅ ሲይዝና ጉዳት ሲደርስ እንዲጠቀምበት የተዘጋጀ ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በከተማው ኮሌጆች ጤና የሚማሩ ወጣቶች ደግሞ በመጽሐፍ ሥዕል ያዩትን በሕያው ክንድ ላይ ለማግኘት ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ሦስቱን አጥንቶች በጣት ማግኘት

እጅጌዎን ወደ ላይ ሰብስበው ይቀመጡና ቀኝ ክርንዎን ወደ 90 ዲግሪ ያጥፉ፤ በግራ እጅዎም ይዳስሱት። ከኋላ በኩል ቆዳ ብቻ የሸፈነው፣ ጠረጴዛ ሲደገፉ የሚያርፈው ጠንካራ ጫፍ አልና የሚባለው የታችኛው ክንድ አጥንት ራስጌ ነው። ከዚያ ጫፍ ተነስተው ጣትዎን በትንሿ ጣት አቅጣጫ ወደ እጅ አንጓ ቢያወርዱ የአልና ጠርዝ ሳይቋረጥ ከጣትዎ ሥር ይከተልዎታል። ወደ ክርኑ ይመለሱና ከሰውነትዎ ጋር በሚዋሰነው ጎን ጎላ ያለ ጉብታ፣ በተቃራኒው ጎን ደግሞ አነስ ያለ ጉብታ ይፈልጉ። ሁለቱም ሂውመረስ የሚባለው የላይኛው ክንድ አጥንት የታችኛው ጫፍ ክፍሎች ናቸው፤ በዚህ ጽሑፍ የውስጥ ጉብታና የውጭ ጉብታ እያልን እንጠራቸዋለን። መዳፍንና ጣቶችን ወደ ውስጥ የሚያጥፉት ጡንቻዎች በአብዛኛው ከውስጡ ጉብታ፣ ወደ ኋላ የሚያቀኗቸው ደግሞ ከውጭው ጉብታ ስለሚነሱ፣ ሁለቱን ቦታዎች ለይቶ ማወቅ ኋላ ላይ ብዙ ይጠቅማል።

ቀጥሎ ያለውን በሌላ ሰው ክንድ ላይ ከጀርባው ቆመው ቢሠሩት ይቀላል። አውራ ጣትዎን በአንዱ ጉብታ፣ የመሐል ጣትዎን በሌላኛው፣ አመልካች ጣትዎን በክርኑ ጫፍ ላይ ያኑሩ። ክርኑ 90 ዲግሪ ታጥፎ ሳለ ሦስቱ ጣቶች ሁለት እኩል ጎኖች ያሉት ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ሰውየው ክንዱን ሲዘረጋ ግን ሦስቱም በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ይህ ቀላል ዳሰሳ ራጅ ከመነሳቱ በፊት ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል። ክርኑ ወልቆ ከሆነ የአልና ጫፍ ከቦታው ስለሚሸሽ ሦስት ማዕዘኑ ይዛባል፤ ሂውመረስ ከጉብታዎቹ በላይ ተሰብሮ ከሆነ ግን ሦስቱም ነጥቦች አብረው ስለሚንቀሳቀሱ ቅርጹ እንዳለ ይቆያል። ጤነኛ ክርኖችን ደጋግሞ የዳሰሰ ተማሪ የተዛባውን ሲያገኝ ጣቱ ቶሎ ይነግረዋል።

ሦስተኛው አጥንት ራዲየስ ነው፤ እርሱን ለማግኘት ጥቂት ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከውጭው ጉብታ ተነስተው ወደ እጅ አንጓው አቅጣጫ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይውረዱና ጣትዎን ጫን አድርገው ያኑሩ። ክርንዎ እንደታጠፈ መዳፍዎን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ በዝግታ ያገላብጡ። ከጣትዎ ሥር ክብ ነገር ሲሽከረከር ይሰማዎታል፤ ያ የራዲየስ ራስ ነው። አሁን ሌላውን ጣት የአልና ጫፍ ላይ ያኑሩና መዳፍዎን ደግመው ያገላብጡ፤ የአልና ጫፍ እንዳለ ይቆማል ማለት ይቻላል። የክርን ዋና ምሥጢር ያለው በእነዚህ ሁለት ጣቶች መካከል ስለሆነ፣ ልዩነቱ በግልጽ እስኪሰማዎት ድረስ ደጋግመው ቢሞክሩት መልካም ነው።

ማጠፍና ማገላበጥ

ክርንን የሚያጥፈውና የሚዘረጋው ዋናው መገጣጠሚያ በአልናና በሂውመረስ መካከል ያለው ነው። የአልና ራስጌ እንደ መንጠቆ ጎብጦ መሐሉ ጎድጎድ ያለውን የሂውመረስ ጫፍ ስለሚያቅፍ፣ እንቅስቃሴው እንደ በር ማጠፊያ በአንድ አቅጣጫ የተወሰነ ነው። ክንድ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ የአልና ጫፍ በሂውመረስ ጀርባ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚገባ ከዚያ በላይ ወደ ኋላ አይሄድም። በጤነኛ ሰው ክርን ከዜሮ ተነስቶ እስከ 145 ዲግሪ አካባቢ ይታጠፋል፤ አንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ሲዘረጉ ከዜሮ ጥቂት አልፈው ይሄዳሉ፤ ይህም ሁለቱ ክንዶች እኩል እስከሆኑ ድረስ ጉድለት አይደለም።

የማገላበጡ ሥራ የራዲየስ ነው። የራዲየስ ራስ በክብ ጅማት ታቅፎ ከአልና ጎን በቦታው ይሽከረከራል፤ የታችኛው ጫፉ ግን መዳፍን ይዞ በአልና ዙሪያ ይዞራል። መዳፍ ወደ ላይ ሲሆን ሁለቱ አጥንቶች ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ወደ ታች ሲሆን ራዲየስ አልናን ተሻግሮ ያልፋል። ከመካከለኛው ቦታ፣ ማለትም አውራ ጣት ወደ ላይ ካለበት ተነስቶ፣ መዳፍ በሁለቱም አቅጣጫ 80 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ሦስቱ መገጣጠሚያዎች፣ አልና ከሂውመረስ፣ ራዲየስ ከሂውመረስ፣ ራዲየስ ከአልና፣ ሁሉም በአንድ ከረጢት ውስጥ ስለሚገኙ፣ አንዱ ሲጎዳና ውስጡ ደም ወይም ፈሳሽ ሲሞላ ሁለቱም እንቅስቃሴዎች አብረው ሊታወኩ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ሞሬይና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት አብዛኛውን የዕለት ተግባር ለማከናወን ከ30 እስከ 130 ዲግሪ የሚደርስ መታጠፍና በሁለቱም አቅጣጫ 50 ዲግሪ ያህል መገላበጥ እንደሚበቃ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የእጅ ስልክን ጆሮ ላይ ለመያዝ ክርን ከ140 ዲግሪ በላይ እንደሚታጠፍ ለክቷል። እነዚህን ቁጥሮች ወደ እኛ ኑሮ ስናመጣቸው የበለጠ ይገልጣሉ። እንጀራ ጠቅልሎ ለመጉረስ ክርኑ በደንብ መታጠፍ፣ መዳፉም ወደ ገጽ መገልበጥ አለበት። ለውዱእ ሁለቱን ክንዶች እስከ ክርን ለማጠብ የአንደኛው እጅ መዳፍ ሌላውን ክርን መድረስ ይኖርበታል፤ ለዱዓ መዳፍን ወደ ላይ መዘርጋት፣ በሱጁድ ደግሞ መዳፍን ምድር ላይ ዘርግቶ ክብደት ማሳረፍ ያስፈልጋል። ከጀበና ቡና ለመቅዳት መዳፍ ወደ ታች ይዞራል፤ ይህ እንቅስቃሴ የጎደለው ሰው ክርኑን ከጎኑ አርቆ ትከሻውን በማንሳት ያካክሰዋል። መዳፍን ወደ ላይ የማዞር ጉድለት ግን በትከሻ በቀላሉ አይካካስም፤ ስለዚህ የሱቅ መልስ በመዳፍ ለመቀበል የተቸገረ ሰው ጉድለቱን ከሌላው ቀድሞ ያስተውለዋል።

መስተዋት ፊት ክንዶችዎን ዘርግተው፣ መዳፎችዎን ወደ ፊት አድርገው ቢቆሙ፣ የታችኛው ክንድ ከላይኛው ጋር ቀጥ ብሎ ከመውረድ ይልቅ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ውጭ ሲያዘነብል ያያሉ፤ በሴቶች በጥቂቱ ሰፋ ይላል። በልጅነት ከክርን በላይ ተሰብሮ በተጣመመ ሁኔታ የገጠመ ክንድ ብዙውን ጊዜ ይህን ዝንባሌ ያጣል ወይም ወደ ውስጥ ያጋድላል።

ጡንቻዎቹ፣ ካቻቢቴውና ጀሪካኑ

ክርን የሚያጥፍ ጡንቻ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያሳየው በላይኛው ክንድ ፊት ለፊት የሚያብጠውን ባይሴፕስን ነው። ነገር ግን የማጠፉ ዋና ሠራተኛ ከባይሴፕስ ሥር ተደብቆ አልና ላይ የሚጣበቀው ብራኪያሊስ ነው፤ እርሱ ከማይሽከረከረው አጥንት ጋር ስለተያያዘ መዳፍ ወዴትም ቢዞር በእኩል ያጥፋል። ባይሴፕስ የሚጣበቀው ራዲየስ ላይ ስለሆነ ሁለት ሥራ አለው፤ ያጥፋል፣ መዳፍንም ወደ ላይ ይገለብጣል። ይህን ለማየት ክርንዎን 90 ዲግሪ አጥፈው፣ መዳፍዎን ወደ ታች አድርገው ባይሴፕስን በሌላ እጅዎ ይያዙ፤ ከዚያ ክርንዎን ሳያንቀሳቅሱ መዳፍዎን ወደ ላይ ያዙሩ። ጡንቻው ከመዳፍዎ ጋር ሲወጠር ይሰማዎታል፤ በክርኑ እጥፋት ላይም ጅማቱ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከኋላ ያለው ትራይሴፕስ የአልና ጫፍ ላይ ተጣብቆ ክርንን ይዘረጋል፤ ዘነዘና ሲወርድና ሰው ወንበር ተደግፎ ሲነሳ ዋናው ሥራ የእርሱ ነው።

ከዚህ ለአናጢና ለመካኒክ የሚጠቅም ነገር ይወጣል። ብሎን በቀኝ እጅ በካቻቢቴ ሲጠብቅ መዳፍ ወደ ላይ የሚገለበጥበት አቅጣጫ ስለሆነ ባይሴፕስ ሙሉ ጉልበቱን ያግዛል፤ ይህም የሚሆነው ክርን ወደ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ነው። ክንድ ተዘርግቶ ሳለ የባይሴፕስ ጅማት ከራዲየስ ጋር የሚያያዝበት ማዕዘን ስለሚጠብ የማዞር ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ሥራው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ እጅን ከመዘርጋት ይልቅ መሰላል ወይም በርጩማ ላይ ወጥቶ ክርንን አጥፎ መሥራት ይሻላል። የዛገ ብሎን ሲፈታ ደግሞ የቀኝ እጅ መዳፍ ወደ ታች የሚዞርበት አቅጣጫ ስለሆነ ባይሴፕስ አይረዳም፤ በዚህ ጊዜ ካቻቢቴውን ለግራ እጅ ማቀበል ጉልበት ያስገኛል፤ የግራ እጅ ባይሴፕስ ብሎኑ በሚፈታበት አቅጣጫ ይሠራልና።

የዕቃ አነሳሱ ሒሳብ ከሁሉም በላይ ሊያሳስበን ይገባል ብዬ አምናለሁ። የሚያጥፉት ጡንቻዎች የሚጣበቁት ከክርን ዘንግ ብዙ ሳይርቁ ነው፤ ክርን 90 ዲግሪ ሲታጠፍ የመሳቢያ ርቀታቸውን በግምት 5 ሴንቲ ሜትር እንበል። በእጅ የተያዘው ሸክም ግን ከዚያው ዘንግ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። የርቀቶቹ ልዩነት ሰባት እጥፍ ስለሆነ፣ ጡንቻው ሸክሙን ለማቆም የሸክሙን ሰባት እጥፍ መሳብ አለበት። ሃያ ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ክርንን 90 ዲግሪ አጥፎ በአንድ እጅ ለማቆየት የሚሞክር ሰው ጡንቻዎቹ፣ የክንዱን የራሱን ክብደት ሳንቆጥር፣ 140 ኪሎ ያህል ይስባሉ፤ አብዛኛው የዚህ ኃይል አጥንቶቹን እርስ በርስ እየተጫነ መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል። ያው ጀሪካን ክንድ ተዘርግቶ ከጎን ሲንጠለጠል የክብደቱ መስመር በክርኑ አጠገብ ስለሚያልፍ የሚያጥፉት ጡንቻዎች ሥራ እጅግ ይቀንሳል፤ የሚደክሙት ይበልጡን የሚጨብጡት ጣቶችና ትከሻ ናቸው። ጀሪካኑን ከምድር ወደ ትከሻ ወይም ወደ አህያ ጀርባ ማንሳት ሲያስፈልግ በአንድ እጅና በክርን ብቻ ከመሳብ ይልቅ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ሰውነት አስጠግቶ በእግር ጉልበት መነሳት ተገቢ ነው። እንደዚሁም ማገዶ ወይም ጥራጥሬ የያዘ ከረጢት መዳፍ ላይ ከመያዝ ይልቅ ክርን አጠገብ ክንድ ላይ ቢያርፍ፣ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የጡንቻው ሥራም በግማሽ ይቀንሳል።

በፊትና በኋላ የሚያልፉት ሥሮች

ክርንን በጥቂቱ አጥፈው የባይሴፕስን ጅማት ያግኙና ጣትዎን ከጅማቱ ወደ ሰውነትዎ በኩል ጥቂት ያሸጋግሩ፤ የደም ቅዳ ትርታ ይሰማዎታል። ጤና ጣቢያ ውስጥ ደም ግፊት ሲለካ ማዳመጫው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ከትርታው ጎን ለጎን ያልፋል። ከኋላ ደግሞ በውስጡ ጉብታና በአልና ጫፍ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ የአልና ነርቭ ያልፋል፤ ክርን ግድግዳ ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን እርሱ ነው። ክርን በታጠፈ ቁጥር ይህ ነርቭ ይለጠጣል፤ ቦዩም ይጠብበታል። ስለዚህ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በቀን ደጋግሞ የሚመላለስ ሾፌር ክርኑን መስኮት ላይ አሳርፎ ሲነዳ፣ ወይም ሰው ክርኑን አጥፎ ስልክ ጆሮው ላይ ረጅም ጊዜ ሲይዝ፣ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ቢደነዝዝ መንስኤው ከዚህ ሊነሳ ይችላል። መስኮቱ ላይ ማሳረፍን መተው፣ ስልክን በማዳመጫ ማናገርና ማታ ክርንን አጥፎ ራስ ሥር አለማስገባት ብዙ ጊዜ ያቀለዋል። መደንዘዙ የማያቋርጥ ከሆነ ወይም በጣቶች መካከል ያለው ሥጋ መመንመን ከጀመረ ግን ሐኪም ዘንድ ሳይውል ሳያድር መሄድ ያስፈልጋል።

ሲወድቁና ልጅ ሲጎዳ

በክረምት የደሴ ቁልቁለት ሲያንሸራትት ሰው የሚወድቀው እጁን ዘርግቶ ነው። በተዘረጋ ክንድ መዳፍ ላይ ያረፈ ኃይል ወደ ክርን ሲደርስ ከግማሽ የሚበልጠው በራዲየስ ራስ በኩል ስለሚያልፍ፣ በአዋቂዎች በብዛት የሚሰበረው እርሱ ነው። በልጆች ግን የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ ከክርን በላይ ያለው ቀጭን የሂውመረስ ክፍል ነው። ከወደቁ በኋላ የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ፦ ሁለቱንም ክንዶች ወደ ፊት አውጥተው እኩል ይዘርጉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝ የወጣ ጥናት ክርናቸውን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ካልቻሉት ተጎጂዎች ግማሽ በሚጠጉት ላይ ስብራት አግኝቷል፤ ሙሉ በሙሉ በዘረጉት ላይ ግን ስብራት ጥቂት ነበር። ስለዚህ መዘርጋት ያልቻለ ሰው ራጅ መነሳት አለበት፤ የዘረጋውም ሕመሙ በጥቂት ቀናት ካልቀነሰ ይታይ። ልጅ ከሆነ ደግሞ ቢዘረጋም እንኳ ባለሙያ ቢያየው ይመረጣል።

ስለ ወጌሻ መናገር ሳያስፈልግ አይቀርም። በአካባቢያችን ብዙ ሰው ከራጅ በፊት ወደ ወጌሻ ይሄዳል፤ ወጌሾችም በማኅበረሰቡ ዘንድ የተከበሩ ናቸው። ይሁን እንጂ የክርን ስብራት በቀርከሃ አጥብቆ ከመታሰር እጅግ መጠበቅ አለበት። ከክርን በላይ የተሰበረ የልጅ ክንድ ደም ቅዳው በስብራቱ አጠገብ ስለሚያልፍና እብጠቱም ስለሚጨምር፣ ጥብቅ ማሰሪያ ደሙን ዘግቶ ጡንቻውን ሊገድለው ይችላል፤ ሪቻርድ ፎን ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 የገለጸው የጣቶች ተቆልፎ መቅረት የሚመጣው ከዚህ ነው። ልጁ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ሌላ ሰው ጣቶቹን ቀስ ብሎ ሲያቃናለት ከፍተኛ ሕመም ከተሰማው፣ የታሰረው ሁሉ ወዲያው ይላላና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይድረስ፤ እስከ ነገ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም። የተጎዳ ክርንን በቅቤ ማሸትም ጎጂ ነው፤ በተጎዳው ጡንቻ ውስጥ አዲስ አጥንት እንዲበቅልና ክርኑ ደርቆ እንዲቀር ሊያደርግ ይችላልና። እስከ ሆስፒታል ድረስ የሚበቃው ክንዱን በተመቸው ማዕዘን በነጠላ አንገት ላይ ማንጠልጠል ብቻ ነው።

ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለ ሕፃን ጎርፍ ለማሻገር ወይም ታክሲ ላይ ለማሳፈር በአንድ እጁ ሲሳብ የራዲየስ ራስ ከክብ ጅማቱ ሊያፈተልክ ይችላል። ሕፃኑ እጁን ወደ ጎኑ አስጠግቶ አላንቀሳቅስም ይላል፤ እብጠት ግን አይታይበትም። ባለሙያ በአጭር እንቅስቃሴ ይመልሰዋል። ሕፃንን በብብቱ ይዞ ማንሳት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የውጭው ጉብታ ሲያም

ልብስ አጥቦ በኃይል መጭመቅ፣ መዶሻ መጨበጥ፣ ጨርቅ ደጋግሞ መሳብ፣ እነዚህ ሁሉ ከውጭው ጉብታ የሚነሱትን ጡንቻዎች ያደክማሉ። ጉብታውን በጣት ሲጫኑት የሚያም ከሆነና መዳፍ ወደ ታች ሆኖ ድስት ሲያነሱ የሚብስ ከሆነ የጅማቱ መነሻ ተጎድቷል ማለት ነው። አብዛኞቹ ሕመምተኞች በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ፤ ነገር ግን ሙሉ ዕረፍት ብቻውን አይመከርም። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው እጅዎን ከጠርዙ ያስወጡና መዳፍዎን ወደ ታች አድርገው ግማሽ ሊትር ውሃ ያለበት ሃይላንድ ይያዙ። በሌላው እጅዎ እያገዙ አንጓዎን ወደ ላይ ያንሱ፤ ከዚያ ያለ እገዛ እስከ አራት እየቆጠሩ በዝግታ ያውርዱ። ይህን አሥራ አምስት ጊዜ ደጋግመው ጥቂት ያርፉና ሁለት ዙር ይጨምሩ፤ መጠነኛ ሕመም ቢሰማ ይቀጥሉ፤ እስከ ማግሥቱ የሚዘልቅ ሕመም ካለ የውሃውን መጠን ይቀንሱ።

ዕቃ ሲያነሱ መዳፍን ወደ ላይ አዙሮ ክርንን አጥፎ መያዝ ሥራውን ከታመመው ጅማት ወደ ባይሴፕስና ወደ ብራኪያሊስ ያዛውረዋል። በስፌት ሥራ ላይ የምትውል ሠራተኛም የመቀመጫዋ ከፍታ ክርኗ 90 ዲግሪ አካባቢ ታጥፎ ከመኪናው ጠረጴዛ ጋር እኩል እንዲሆን ቢስተካከልና ጨርቁ ከፊቷ ርቆ እንዳይከመር ቢደረግ፣ ክንዷን ዘርግታ የምትስብበት ጊዜ ይቀንሳል። ወንበሩ ከፍ ዝቅ የማይል ከሆነ በታጠፈ ብርድ ልብስ መቀመጫውን ማሳደግ፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ ካልደረሰም ፔዳሉ የሚያርፍበትን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ይህን ለቡድን መሪዋ ጠይቃ በመጀመሪያው ሳምንት ብታስተካክለው ይሻላል፤ ሕመሙ አንዴ ከጸና ለመዳን ወራት ይፈጃልና።